ዘመድ ለመጠየቅ ወደ ሎንዶን የሚሄድ ሰው

(በሬድዮ የተነገረ)



በዛሬው ምሽት የምናገርበት ጉዳይ በውጭ አገር የሚኖሩ ዘመዶቻችንን ለመጠየቅ ስለሚደረግ ጉዞ ነው። ቀድሞ በአገራችን ዘመድ ጥየቃ ማለት በበቅሎ ተቀምጦ፣ ስንቅ ይዞ፣ አንድ ሁለት ቀን ተጉዞ ከዘመድ ቤት መሰንበት ነበር። እንግዳ መምጣቱ በተሰማ ጊዜ በግ ይታረዳል፤ ጠላ ይጠመቃል፤ የቤቱም ጌታ ሥራውን አቆይቶ ከእንግዳው ጋር ሲጫወት ይውላል። ዛሬ ግን ከብዙዎቻችን ቤት አንድ ወንድም ወይም አንዲት እኅት በዋሽንግተን፣ በሮማ፣ በኢየሩሳሌም፣ በሪያድ ወይም በሎንዶን ይገኛል። ጥየቃው አልቀረም፤ ሥርዓቱ ግን ፈጽሞ ተለውጧል። ይህን ሳያስተውል የሚሄድ ሰው ከተማውንም ዘመዱንም በሚገባ ሳያይ ይመለሳል። እኔም እንዲህ ሊደርስብኝ ጥቂት ቀርቶት ነበርና፣ ባለፈው ዓመት በሰኔ ወር ሎንዶን ከምትኖረው ታላቅ እኅቴ ዘንድ ሦስት ሳምንት ሰንብቼ ያየሁትንና የተማርሁትን እገልጽላችኋለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ለጉዞው ስነሣ እናታችን ሁለት ነገር አዘዘችኝ። አንደኛው አምስት ኪሎ የነጠረ ቅቤ ለልጇ እንዳደርስላት ነበር። ሁለተኛው ግን ከቅቤው ይልቅ የከበደ ሆነ። የእኅቴ ልጅ ሰባት ዓመት ሞልቶታል፤ የተወለደውም እዚያው ሎንዶን ነው። እናታችን ፊቱን በቴሌፎን መስኮት ታየዋለች እንጂ ከእርሱ ጋር ቃል ተለዋውጣ አታውቅም። እርስዋ እንግሊዝኛ አትችልም፤ እርሱም አማርኛ ሲነገር ጥቂት ጥቂት ከመስማት በቀር አይመልስም። «ቅቤው ቢቀር ይቅር፤ ያ ልጅ በእኔ ቋንቋ አንድ ነገር እንዲለኝ አድርገህ ና» አለችኝ።

ቅቤው በእርግጥ ቀረ። የእንግሊዝ መንግሥት እንደኛ ካሉ አገሮች የሚመጣ መንገደኛ ሥጋና የወተት ውጤት ይዞ እንዲገባ አይፈቅድም፤ ምክንያቱም የከብት በሽታ ከምግብ ጋር ተጉዞ መንጋቸውን እንዳይጎዳባቸው ይፈራሉ። ስለዚህ ቅቤ፣ አይብና ቋንጣ ከዚሁ መቅረት አለባቸው። ጫትም ከ2014 ጀምሮ በሕግ የተከለከለ ስለ ሆነ፣ ይዞት የተገኘ ሰው የሚጠብቀው የዘመድ ቤት ሳይሆን ፖሊስ ነው። በርበሬ፣ ሽሮ፣ በሶና የተቆላ ቡና በንጹሕ አሽጎ መውሰድ ግን ይቻላል። ይህን ለእናታችን ባስረዳኋት ጊዜ «የላም ቅቤ ምን ወንጀል ሠራ?» ብላ ብዙ ተከራከረችኝ፤ በመጨረሻ ግን ቅቤውን አስቀርታ ሽሮውን እጥፍ አደረገችው። በዚህ አጋጣሚ አንድ ነገር ልጨምር። መሄዳችን በተሰማ ጊዜ ጎረቤት ሁሉ እሽጉን ይዞ ይመጣል። ውስጡን ያላዩትን እሽግ ይዞ መሄድ ለማንም አይበጅም፤ ይሉኝታ በጉምሩክ ፊት ማስረጃ አይሆንምና።

ስለ ወረቀቱ ነገር በአጭሩ እናገራለሁ። ለጠያቂ የሚሰጠው ቪዛ በአንድ ጉዞ እስከ 6 ወር ድረስ ያስቀምጣል፤ ሥራ መሥራት ግን አይፈቅድም። ለማመልከቻው ከሚረዱት ማስረጃዎች ዋናዎቹ የባንክ ሒሳብ መግለጫ፣ የሥራና የዕረፍት ፈቃድ የሚገልጽ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ፣ እንዲሁም ተቀባዩ ዘመድ የሚጽፈው የግብዣ ደብዳቤ ናቸው። መልሱ ሊዘገይ ስለሚችል ቲኬት አስቀድሞ መግዛት ጥበብ አይደለም። ጎብኝ የሆነ ሰው ሆስፒታል ገብቶ ቢተኛ ሒሳቡ እጅግ ይከብዳልና የጉዞ ኢንሹራንስ መግዛት ይገባል።

የሚኬድበትንም ወራት መምረጥ ያስፈልጋል። ሎንዶን ከምድር ወገብ ርቃ ወደ ሰሜን የምትገኝ ስለ ሆነች፣ የቀንና የሌሊቱ ርዝመት እንደኛ አገር አይቀራረብም። በታኅሣሥ ወር ፀሐይ የምትጠልቀው ከቀኑ 10 ሰዓት ሳይሞላ ነው፤ በሰኔ ግን ከምሽቱ 3 ሰዓት እስኪያልፍ ድረስ ብርሃን አለ። ሠራተኛ የሆነ ዘመድ ከሥራ የሚመለሰው ማታ ነውና፣ ከእርሱ ጋር ወጥቶ ለመዘዋወር የሚመቸው ከግንቦት እስከ መስከረም ያለው ወራት ነው። እናታችን በመጀመሪያው ምሽት ደውላ «መሸ ወይ?» ብላ ብትጠይቀኝ፣ ገና ፀሐይ ላይ እንደ ተቀመጥን ነገርኋት፤ ያላመነችኝ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልመለስ። እኅቴ እዚያ ከተማ ከገባች 14 ዓመት ሆኗታል። የምትሠራው አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት ነው። ተራዋ በደረሰ ቀን ከጧቱ 12 ሰዓት ትወጣለች፤ የምትመለሰው ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው። ባለቤቷ የሌሊት ሠራተኛ ስለ ሆነ፣ እርስዋ ስትወጣ እርሱ ይገባል፤ ቀኑን መጋረጃ ጋርዶ ይተኛል። ሁለቱ በአንድ ማዕድ የሚቀመጡበት ጊዜ በሳምንት ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን አይበልጥም። አገር ቤት ያለን ሰዎች በውጭ አገር ገንዘብ ከመሬት የሚታፈስ ይመስለናል። የቤት ኪራይዋ ከደመወዟ እኩሌታውን የሚያህል መሆኑን በሰማሁ ጊዜ፣ በኪሴ ይዤው የሄድሁትን የጫማና የቴሌፎን ትእዛዝ የተጻፈበትን ወረቀት አጥፌ ሻንጣዬ ውስጥ ቀበርሁት።

ዳሩ ግን ይህን ሁሉ ያወቅሁት ቆይቼ ነው። መጀመሪያ እንደ አገር ቤት እንግዳ ሆኜ፣ አራት ቀን ሙሉ ከሳሎኑ ወንበር ላይ ተቀምጬ የሚያወጣኝን ሰው ስጠብቅ ሰነበትሁ። የተኛውን ሰው እንዳልቀሰቅስ በጣቴ እየረገጥሁ እሄዳለሁ፤ ሻይ አፈላለሁ፤ በመስኮት አያለሁ። በአምስተኛው ቀን እኅቴ ፊቴን አይታ ያለ ደመወዝ ፈቃድ ወሰደችና፣ ታወር ብሪጅ የተባለውን፣ በ1894 የተመረቀውን፣ መርከብ ሲመጣ መካከሉ ተከፍሎ የሚነሣውን ድልድይ ልታሳየኝ ይዛኝ ወጣች። ከባለ ሁለት ፎቁ አውቶቡስ ላይኛው ክፍል ተቀመጥን። ድልድዩ ዘንድ ስንደርስ ዘወር ብዬ ብመለከት፣ እኅቴ ራሷን በመስኮቱ ላይ አስደግፋ እንቅልፍ ወስዷታል። ልቀሰቅሳት አልቻልሁም። አውቶቡሱ ድልድዩን ተሻግሮ እስከ መጨረሻው ማቆሚያ ሄደ። ስትነቃ «አለፍነው እንዴ?» ብላ ደነገጠች። «እኔ አየሁት እትዬ፤ አንቺም ዐረፍሽ» አልኋት።

በዚያው ማታ ተቀምጠን ተነጋገርን። በ14 ዓመት ውስጥ ከታላላቆቹ ቤተ መዘክሮች ወደ አንዱ እንኳ ገብታ እንደማታውቅ፣ ከከተማው ወጥታ ገጠሩን ያየችው በባቡር መስኮት ብቻ እንደ ሆነ የነገረችኝ ያን ጊዜ ነው። ስለዚህ እንዲህ ተስማማን። በሥራ ቀን ጧት ከተማውን ብቻዬን አያለሁ። ከሰዓት በኋላ ልጁን ከትምህርት ቤት ተቀብዬ፣ አባቱ እንቅልፉን እስኪጨርስ ከእርሱ ጋር እዘዋወራለሁ። ቅዳሜ ግን ሁላችንም በአንድነት ወደ ገጠር እንወጣለን። የልጁን የመንገድና የመክሰስ ወጪ እኔ እንድችል ያግባባኋት በብዙ ክርክር ነው፤ እንግዳ ከኪሱ ሲያወጣ ማየት ለእርስዋ አሁንም ነውር ነው።

ብቻውን ለሚዘዋወር ሰው ሎንዶን አታስቸግርም። የምድር ውስጥ ባቡሯ በዓለም የመጀመሪያው ሲሆን፣ የተከፈተው በ1863፣ ማለት የመቅደላው ጦርነት ከመደረጉ 5 ዓመት አስቀድሞ ነው። በአውቶቡስ ላይ ጥሬ ገንዘብ መቀበል ከቀረ ከ2014 ወዲህ ነው፤ ተሳፋሪው የባንክ ካርድ ወይም ኦይስተር የሚባለውን የጉዞ ካርድ ከመሣሪያው ላይ ያስነካል። በአውቶቡስ ሲሳፈሩ አንድ ጊዜ ማስነካት ይበቃል፤ በባቡር ግን ሲገቡም ሲወጡም ማስነካት ያስፈልጋል፤ ሲወጣ የረሳ ሰው ከፍ ያለ ሒሳብ ይቆረጥበታል። በአንድ ቀን የሚቆረጠው ገንዘብ ከተወሰነው ልክ ሲደርስ መቆረጡ ያቆማል። ከ11 ዓመት በታች የሆነ ሕፃን ከአዋቂ ጋር ሲሆን በአውቶቡስም በምድር ውስጥ ባቡርም በነጻ ይሳፈራል። በሚንቀሳቀሰው ደረጃ ላይ የሚቆም ሰው በቀኝ በኩል ይቁም፤ ግራው የሚጣደፉት ሰዎች መንገድ ነው። እኔ በመጀመሪያው ቀን ግራውን ይዤ ቆሜ ከኋላዬ የተሰለፈውን ሕዝብ ያየሁት ከላይ ከደረስሁ በኋላ ነበር። ማንም አልተቆጣኝም፤ ሁሉም ግን ጉሮሮውን ይጠርግ ነበር።

ታላላቆቹን ቤተ መዘክሮች ለማየት ክፍያ የለም። ብሪቲሽ ሙዚየም የተቋቋመው በ1753፣ ለሕዝብ የተከፈተው በ1759 ነው። የግብጽን፣ የአሦርንና የግሪክን ጥንታዊ ሥራ በአንድ ጣሪያ ሥር ማየት የሚያስደንቅ መሆኑን አልክድም። ነገር ግን ኢትዮጵያዊ ጎብኝ በአዳራሹ ሲዘዋወር አንድ የማያየው ነገር እንዳለ ማወቅ አለበት። በዚያ ቤት 11 ታቦታት ይገኛሉ፤ አብዛኞቹም በ1868 ከመቅደላ የተወሰዱ ናቸው። የቤተ ክርስቲያናችንን ሥርዓት በማክበር ለሕዝብ አይታዩም፤ የቤተ መዘክሩ ሠራተኞችም አያዩአቸውም። እንግዲህ ማንም የማያየውን፣ ማንም የማያጠናውን ንዋየ ቅድሳት ማስቀመጥ ለምን እንዳስፈለገ የሚጠይቅ ሰው፣ በ1963 የወጣው የቤተ መዘክሩ ሕግ ንብረት እንዳይለቀቅ ያግዳል የሚል መልስ ያገኛል። ሕግን ያወጣ ሰው ሕግን ሊያሻሽል ይችላል ብዬ አምናለሁ። የዐፄ ቴዎድሮስ ጠጉር በአንድ ሌላ ቤተ መዘክር ተቀምጦ ሲኖር በ2019 ለአገራችን ተመልሷል። ከመቅደላ የሄዱት 350 ያህል የብራና መጻሕፍት ደግሞ ዛሬ በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛሉ። ቪክቶሪያና አልበርት በሚባለው ቤተ መዘክርም የወርቅ ዘውድና የወርቅ ጽዋ አለ፤ በ2018 የጦርነቱን 150ኛ ዓመት ምክንያት በማድረግ በልዩ ትዕይንት አሳይቷቸው ነበር። በእነዚህ ቤቶች ውስጥ ብዙ ቆሜአለሁ፤ ብቻዬን መሆኔም ለዚያ ጊዜ ጠቅሞኛል።

ከልጁ ጋር የነበረው ጉዞ ግን ሌላ ነበር። ቤት ውስጥ ሳለን በአማርኛ ሳናግረው በእንግሊዝኛ ይመልስልኛል፤ ደጋግሜ ስጠይቀውም እንደ ትምህርት ፈተና ስለሚቈጥረው ዝም ይላል። ከቤት በወጣን ጊዜ ነገሩ ተገለበጠ። የትኛው አውቶቡስ የት እንደሚሄድ፣ የትኛው በር እንደሚከፈት የሚያውቀው እርሱ ነው፤ እኔ አላዋቂ ነኝ። መሪ የሆነ ሰው ዝም ብሎ መምራት አይችልምና መናገር ጀመረ።

እኅቴ የምትኖረው በደቡብ ምሥራቅ በኩል ስለ ሆነ ግሪንዊች ለቤቷ ቅርብ ነው። በ1675 የተመሠረተው የከዋክብት መመልከቻ ከኮረብታው ላይ ይገኛል። የዓለም ሰዓትና ኬንትሮስ የሚቈጠርበትም መሥመር በዚያ ያልፋል፤ ይህም በ1884 በመንግሥታት ጉባኤ የተወሰነ ነው። ወደ መመልከቻው ቤት ለመግባት ይከፈላል፤ ከኮረብታው ላይ ሆኖ የቴምስን ወንዝና ከተማውን ማየት ግን በነጻ ነው። የእጄ ሰዓት በአገራችን አቆጣጠር ስለ ነበረ ልጁ አይቶ ተበላሽቷል አለኝ። እኛ ሰዓትን የምንቈጥረው ከፀሐይ መውጣት ጀምረን እንደ ሆነ፣ ጧት አንድ ሰዓት የምንለው ፀሐይ ከወጣች አንድ ሰዓት ሲሆናት እንደ ሆነ አስረዳሁት። ጥቂት አሰበና «ይህ ይሻላል» አለ፤ በእንግሊዝኛ ቢሆንም ደስ አለኝ።

ከኮረብታው ወርደን በወንዙ ሥር የተሠራውን የእግረኛ መንገድ አየን። ይህ መተላለፊያ በ1902 የተከፈተ ሲሆን ርዝመቱ 370 ሜትር ያህል ነው። ሰው ከወንዙ በታች በእግሩ ገብቶ በማዶ ይወጣል፤ ክፍያም የለውም። ግድግዳው በነጭ ሸክላ የተለበጠ ስለ ሆነ ድምፅ ሲጮኽበት ያስተጋባል። ልጁ መጀመሪያ በስሙ ጮኸ። ቀጥሎ እኔ «ወንዝ!» ብዬ ጮኽሁ፤ ዋሻው መለሰልኝ። ልጁ ምን እንደ ሆነ ጠየቀኝ፤ ከራሳችን በላይ የሚሄደው ውሃ ነው አልሁት። ወዲያው «ወንዝ!» ብሎ ጮኸ። ከዚያ «መርከብ!»፣ «ድልድይ!»፣ «ውሃ!» እያልን ማዶ ደረስን፤ ስንመለስም እንደዚያው። አንድ ሽማግሌ እንግሊዛዊ በአጠገባችን ሲያልፍ ቆብ አንሥቶ ሰላምታ ሰጠን፤ ምን መስለነው እንደ ሆነ እንጃ። ከዚያ ቀን ወዲያ ልጁ ዋሻውን እንድናይ በየቀኑ ይለምነኝ ነበር። እኔም ትዕይንት ማየቴን ትቼ አብሬው ስለ ሄድሁ፣ ያላየኋቸው ብዙ ታላላቅ ሕንፃዎች አሉ፤ አልጸጸትባቸውም።

ቅዳሜ ደረሰ። የመረጥነው ከሎንዶን ወደ ምዕራብ 35 ኪሎ ሜትር ያህል የሚርቀውን ዊንድሶርን ነው። ከዋተርሉ ጣቢያ በቀጥታ የሚሄድ ባቡር አለ፤ አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃል። በዊንድሶር ያለው የነገሥታቱ ግንብ የተጀመረው በ11ኛው መቶ ዓመት በድል አድራጊው በዊልያም ሲሆን፣ እስከ ዛሬ የንጉሥ መኖሪያ ነው። ማክሰኞና ረቡዕ ለጎብኝ ዝግ ነው፤ በቅጥሩ ውስጥ ያለው የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያንም እሑድ ለጸሎት እንጂ ለጎብኝ አይከፈትም። ስለዚህ የሠራተኛ ቤተሰብ ሁለቱንም ለማየት የሚመቸው ቅዳሜ ነው። የመግቢያው ዋጋ ቀላል አይደለም፤ ቲኬቱን አስቀድሞ መግዛት ያረክሰዋል።

ስለ ግንቡ አዳራሾች፣ ስለ ጦር መሣሪያውና ስለ ሥዕሉ ብዙ የተጻፈ ስለ ሆነ እዚያ አልቆይም። እኔን የወሰደኝ ቤተ ክርስቲያኑ ነው። በ2022 ያረፉት ንግሥት ኤልሣቤጥ የተቀበሩት በዚያ ነው፤ ሕዝቡም ወደዚያ ይጋፋል። እኛ የፈለግነው ግን የዐፄ ቴዎድሮስን ልጅ የልዑል ዓለማየሁን መታሰቢያ ነበር። ልዑሉ የተወለደው በ1861 ነው። በ1868 አባቱ በመቅደላ ራሳቸውን ከሠዉ በኋላ፣ የእንግሊዝ ጦር ሲመለስ ይዞት ሄደ። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ወደ ባሕር ሳትደርስ በመንገድ ዐረፈች። ሕፃኑ እንግሊዝ አገር ሲገባ ሰባት ዓመቱ ነበር። ንግሥት ቪክቶሪያ ትራራለት ነበር። ጠባቂው አማርኛ የሚያውቀው ካፒቴን ስፒዲ ሲሆን፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን ትምህርት ቤት ይግባ ተብሎ ከእርሱ ተለየ። በራግቢ ተማረ፤ ወደ ሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤትም ገብቶ ነበር። በኅዳር ወር 1879 በሊድስ ከተማ በሳንባ ሕመም ሲሞት 18 ዓመቱ ነበር። በንግሥቲቱ ፈቃድ አስከሬኑ ወደ ዊንድሶር ተወስዶ ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ በመሬት ውስጥ ካለው መቃብር ተቀበረ። በ2007 የአገራችን መንግሥት ዐፅሙ እንዲመለስ ጠይቆ ነበር፤ በ2023 ቤተ መንግሥቱ ለቀረበለት ጥያቄ የሰጠው መልስ፣ በዚያ ያረፉትን የሌሎቹን ዐፅም ሳያውኩ ማውጣት አይቻልም የሚል ነው።

በቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ መታሰቢያው የናስ ሰሌዳ ነው። ስሙና ዕድሜው ተጽፎበታል፤ ከማቴዎስ ወንጌል 25ኛ ምዕራፍም እንግዳን ስለ መቀበል የሚናገር ቃል ተቀርጾበታል። የተጻፈው በእንግሊዝኛ ስለ ሆነ ያነበበልን ልጁ ነው። ሲጨርስ ወደ እናቱ ዞሮ፣ እዚህ ሲመጣ ስንት ዓመቱ እንደ ነበረ ጠየቃት። «ያንተን ያህል» አለችው።

«አማርኛ ይናገር ነበር?»

«ሲመጣ ይናገር ነበር።»

«ከዚያስ ከማን ጋር ይነጋገር ነበር?»

እኔ ስለ ካፒቴን ስፒዲ ነገርሁት፤ ከዚያም እንደ ተለያዩ ነገርሁት። ለምን ተለያዩ ቢለኝ፣ ልጁ ትምህርት ቤት እንዲገባ ተብሎ ነው አልሁት። እኅቴ ፊቷን ወደ ሰሌዳው አዙራ ቆማ ነበር። ከኋላችን ሌሎች ሰዎች ስለ መጡ መንገድ ለቀቅን።

ከግንቡ በስተደቡብ ሎንግ ዎክ የሚባል መንገድ አለ። በሁለት ወገን በዛፍ ተሰልፎ ከ4 ኪሎ ሜትር በላይ ቀጥ ብሎ ይሄድና፣ የንጉሥ ጊዮርጊስ ሣልሳዊ የፈረስ ሐውልት ከቆመበት ጉብታ ይደርሳል። ለዚህ ክፍያ የለም፤ በእኔ አስተያየት ከግንቡ ውስጥ ይልቅ ይህ ይበልጣል። መስኩ ለምለም ነው፤ ራቅ ብሎ የአጋዘን መንጋ ይታያል። የኤሮፕላን ጣቢያው ቅርብ ስለ ሆነ በየጥቂት ደቂቃው ከራስ በላይ አይሮፕላን ያልፋል። የሰኔ ጾም ስለ ነበረ ምሳችን በሣሕን የተያዘ የሽሮ ፍትፍትና ጎመን፣ በቴርሙስ የተቀዳ ቡና ነበር። ሽሮው የእናታችን ሽሮ ነው። የእኅቴ ባለቤት ከሌሊት ሥራው መጥቶ ሳይተኛ ስለ ተከተለን፣ ከበላን በኋላ በሣሩ ላይ ጋደም ብሎ አንቀላፋ። እኅቴ ግን አልተኛችም። ጫማዋን አውልቃ በሣሩ ላይ እየሄደች፣ በልጅነታችን አባታችን ከከተማ ውጪ ወስዶ አጃ የሚታጨድበትን ስላሳየን ቀን ታወራ ጀመር። እኔ ረስቼው ነበር። ልጁም አጠገቧ ሆኖ ይሰማል፤ የማይገባውን ቃል ሲያገኝ እጇን ይጎትታል።

ወደ አገር ቤት የደወልነው ከዚያ ነው። እናታችን ፊቷ በመስኮቱ ታየ፤ እንደ ልማዷ ቴሌፎኑን ለጆሮዋ ስለምታስጠጋ የምናየው ጆሮዋን ብቻ ነበር። ልጁ ሳንነግረው ቴሌፎኑን ከእናቱ እጅ ወሰደና «እማማ፣ አጋዘን አየሁ» አለ። መሥመሩ በዚያው ደቂቃ ይቆራረጥ ስለ ነበረ፣ እናታችን የሰማችው «አየሁ» የሚለውን ብቻ ነው። «ምን አየሁ አለ? ማን ነው የተናገረው?» እያለች ጮኸች። ድገመው ብንለው ዐፈረና ቴሌፎኑን ጥሎ ወደ ዛፎቹ ሮጠ። በዚያ ቀንም፣ በማግሥቱም አልደገመውም። ከተመለስሁ በኋላ እናታችን ስለ ንግሥቲቱ ግንብ ምንም አልጠየቀችኝም፤ ልጁ ምን እንዳየ ግን ሦስት ጊዜ አስነግራኛለች።

ከሎንዶን ርቆ ለመሄድ አንድ ሙሉ ቀን ያለው ሰው ወደ ባዝ ቢሄድ ይጠቀማል። ከፓዲንግተን ጣቢያ በባቡር አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ነው። ሮማውያን የሠሩት የፍል ውሃ መታጠቢያ እስከ ዛሬ ይጎበኛል። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከ1936 እስከ 1940 በስደት የኖሩበት ፌርፊልድ ሃውስ የሚባለው ቤትም በዚያ ነው፤ በ1958 ቤቱን ለከተማው አረጋውያን መገልገያ እንዲሆን ለባዝ ከተማ ሰጥተዋል። ዘወትር ለጎብኝ የሚከፈት ስላልሆነ አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። እኛ አልሄድንም፤ እኅቴ በሦስቱ ሳምንት ውስጥ ነጻ ሆና ያገኘችው ቅዳሜ ያ አንዱ ብቻ ነበር። ሌላውን ቅዳሜ ለእኔ ያለ ደመወዝ የወሰደችውን ቀን ስትከፍል ዋለች።